የካቶሊክ ቅዱሳንን ሥዕል ለጸሎት መሳል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለቁምስናዎች (ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት) እና ለቤት የሚሆኑ የቅዱሳን ሥዕሎችን እሠራለሁ። ከቅዳሴ መልስ፣ በስልክ፣ አንዳንዴም ቀለም ልገዛ ቆሜ ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሰው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሳል እችላለሁ፤ የቅዱስ ሥዕል ግን ሞክሬ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከንባብ ጀምሩ። እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት የቅዱሱን ሕይወት አንብቡ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግማችሁ።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። መጀመሪያ የሠራሁት ሥዕል የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ነበር። ፊታቸውን አሳምሬ፣ ሁለቱንም ዓይኖች አብርቼ ሠራሁ። አንዲት እናት ቀርበው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ አባታችን እኮ አንድ ዓይናቸው አያይም ነበር» አሉኝ። ክው አልኩ። ቤት ገብቼ ሳነብ እውነት ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያዩት በአንድ ዓይን ነበር።

ጎጃም ተወለዱ፤ መነኩሴም ሊቅም ሆኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጻሕፍት ሲያገላብጡ ኖሩ። በ1841 ከአቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ከጣልያናዊው ሚስዮናዊ ከቅዱስ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ ጋር እስከ ግብፅና እስከ ሮም ተጓዙ። ቅስና የተቀበሉት በ1851 ነው፤ ዕድሜያቸው ያኔ ወደ 60 ተጠግቶ ነበር። በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ አረፉ። ብፅዕናቸው፣ ማለትም ከቅድስና በፊት ያለው ማዕረግ፣ የታወጀው በ1926 ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የሠራሁትን ፊት ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። በአንድ ዓይን ብራና ሲያነብ የኖረ ሰው አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል። መጽሐፉን ወደ ደህናው ዓይን ያስጠጋል። ሁለተኛው ሥዕል ላይ እንደዚያ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። እኚያ እናት መጥተው አዩት። ምንም አላሉም፤ ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ።

የቅዱሳንን ሥዕል ማክበር ጣዖት ማምለክ አይደለም?

አይደለም። አረብ አገር ያለች ልጇን ፎቶ እያነሳች የምትስም እናት ወረቀቱን እየሳመች እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በ787 የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ለሥዕሉ የሚሰጠው ክብር በሥዕሉ ላይ ወዳለው ያልፋል። የትሬንት ጉባኤም በ1563 ይህንን አጽንቶታል። ስግደተ አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው።

የትኛውን ቅዱስ ልሳል?

እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው፣ «ከሥዕሉ ፊት የሚቆመው ማን ነው?» ብዬ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ ቅዱሱን ይመርጥላችኋል።

አንዲት እናት ልጃቸው ለሥራ ባሕር ማዶ ሄዳ ድምፅዋ ጠፍቶባቸው ነበር። ለቤታቸው ሥዕል ፈለጉ፤ የማንን እንደሆነ ግን አላወቁም። ስለ ቅድስት ጆሴፊን ባኪታ ነገርኳቸው። ዳርፉር ተወልዳ ገና ሕፃን ሳለች ተሰርቃ ለባርነት የተሸጠች ናት። «ባኪታ» በዓረብኛ ዕድለኛ ማለት ነው፤ ስሙንም ያወጡላት የሰረቋት ሰዎች ናቸው። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠች። በመጨረሻ ጣልያን ደረሰች፤ በ1889 የቬኒስ ፍርድ ቤት ነፃ መሆኗን አረጋገጠላት። በ1890 ተጠመቀች፤ ከዚያ የካኖሳ እኅቶችን ማኅበር ገብታ መነኮሰች። ስኪዮ በምትባል ከተማ ወጥ ስትሠራ፣ ጥልፍ ስትጠልፍ፣ የገዳሙን በር ስትከፍት ኖራ የካቲት ወር ላይ በ1947 አረፈች። ቅድስናዋ የታወጀው በ2000 ነው። ያረፈችበት ፌብሩዋሪ 8 ዛሬ ስለ ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር በዓለም ዙሪያ የሚጸለይበት ቀን ነው።

እንዴት ልሳላት ብዬ ብዙ አሰብኩ። አሳዳሪዎቿ ሰውነቷ ላይ 114 ቦታ በስለት ቆርጠው ጨው ነስንሰውባታል። አንዳንድ ሠዓሊ ጠባሳውን ፊቷ ላይ ሲያደርገው አያለሁ። ስህተት ነው። ፊቷ አልተነካም፤ ቁርጡ ደረቷ፣ ሆዷና ቀኝ እጇ ላይ ነበር። እኔ የምንኩስና ልብሷን አለበስኳት፣ የእመቤታችንን ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩ፣ እጇንም በር መወርወሪያ ላይ አደረግኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ማን እንደሚገባ አይታይም። ሥዕሉን ያዘዙት እናት ሲያዩት መጀመሪያ የነኩት በሩን ነው።

የጠይም ወይም የጥቁር ሰው ፊት ስሠራ ይጨልምብኛል። ምን ላድርግ?

ጥቁር ቀለም አትጨምሩ። በሽታው እሱ ነው። በርንት ሳይና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ስትቀላቅሉ ጥልቅና ሕያው ጥቁረት ታገኛላችሁ። ብርሃን በሚያርፍበት በኩል፣ ማለትም ግንባርና ጉንጭ ላይ፣ ነጭ ከመጨመር ይልቅ ትንሽ ኦከር (የአፈር ቢጫ) ጣል አድርጉበት። ነጭ ፊቱን አመድ ያስመስለዋል።

ሰዉ ቅዱሱን በምን ያውቀዋል?

በያዘው ነገር። ጴጥሮስ ቁልፍ፣ ጳውሎስ ሰይፍ፣ የሕፃን ኢየሱስ ቴሬዛ መስቀልና ጽጌረዳ፣ የፓዱዋው አንቶንዮስ ሕፃኑን ኢየሱስንና አበባ። ቅድስት ሉቺያ ዓይኖቿን በሳሕን ይዛ ትሳላለች። የዘንባባ ዝንጣፊ የያዘ ሁሉ ሰማዕት ነው። የፍራንቸስኮስ መቀነት ሦስት ቋጠሮ አለው፤ ድህነት፣ ንጽሕና፣ ታዛዥነት። አራት ካደረጋችሁት ፍራንቸስካውያኑ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ምልክት ግን አታብዙ። ከአንድ ወይም ከሁለት ሲያልፍ የዕቃ ቤት ይመስላል። ደግሞ በእኛ ወግ ስም ይጻፋል። ከራሱ አጠገብ በቀይ «ቅዱስ እገሌ» ብላችሁ በግዕዝ ፊደል ጻፉ። ያሠራው ሰው ከግርጌ ተንበርክኮ፣ «ተማኅፀነ ገብርከ» ተብሎ ስሙ የሚጻፍበትም ጥንታዊ ልማድ አለ። በጣም የምወደው ልማድ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ የልጅ ልጅ ያነበዋል።

አክሊለ ብርሃን ለሁሉም ይደረጋል?

ለሁሉም አይደረግም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 8ኛ በ1625፣ ቤተ ክርስቲያን ያላወጀችለትን ሰው አክሊለ ብርሃን አድርጎ መሳልን ከልክለዋል። ስለዚህ ደግ የነበሩ አያታችሁን ወይም የምትወዷቸውን አባ ብትስሉ ያለ አክሊል ነው። በልማድ ደግሞ ለቅዱስ ሙሉ ክብ፣ ለብፁዕ ከራሱ የሚወጣ ጨረር ይደረጋል። አባ ገብረ ሚካኤል ገና ብፁዕ ስለሆኑ የሠራሁላቸው ጨረር ነው። ቅዱስ ዩስቲኖስ ግን በ1975 ቅድስናቸው ስለታወጀ ሙሉ ክብ ይገባቸዋል። ዛሬ ሁሉም ሠዓሊ ይህን ልዩነት አይጠብቅም። እኔ እጠብቃለሁ፤ ምእመኑ ሲጠይቅ ማስረዳት ደስ ይለኛል።

በእኛ አሣሣል ልሥራ ወይስ በአውሮፓ?

ረጅም መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ እንደምናስበው የተራራቁ አይደሉም።

ሮም፣ ሳንታ ማርያ ማጆሬ ባዚሊካ ውስጥ አንድ ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ሕፃኑን ታቅፋ፣ እጆቿን ፊት ለፊት አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ ትታያለች። ኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂውን አስፈቅደው በየአገሩ አሰራጩት። ወደ ኢትዮጵያም መጣ። የእኛ ሠዓሊዎች ወደዱት፤ የራሳቸውም አደረጉት። ዛሬ በየአብያተ ክርስቲያኑ የምናየውን ምስለ ፍቁር ወልዳ ልብ ብላችሁ እዩት። የተጣመሩት እጆች አሉ፤ መሐረቡም አለ። ካባዋ ጠርዝ ላይ ግን የእኛ ጌጥ ወጥቷል፤ ዓይኖቿ ሰፍተዋል፤ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዝዘው ግራና ቀኝ ቆመዋል። የመጣውን ተቀብሎ በራስ ዓይን መልሶ ማየት ማለት ይህ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ከውጭ የመጡ ሥዕሎችን ያውቅ እንደነበር ሥራው ይናገራል።

ስለዚህ ሥዕሉ የሚሰቀለው በግዕዝ ሥርዓት በሚቀደስበት ቁምስና ከሆነ በኢትዮጵያ አሣሣል ሥሩ እላለሁ። ፊት ለፊት የሚያይ ፊት፣ ሰፋፊ ዓይን፣ ጥላ የሌለው ልብስ፣ ደማቅ ቀይና ቢጫ። ቅዱስ ዩስቲኖስ ራሳቸው ጣልያናዊ ሆነው ሳለ እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው ነው የኖሩት። እሳቸውን በአውሮፓ ጳጳስ ልብስ አሽሞንሙኖ መሳል ሕይወታቸውን መካድ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ግማሽ ግማሽ አታድርጉ። ፎቶ የመሰለ ፊት በባህላዊ ጠፍጣፋ አካል ላይ ሲቀመጥ ከመጽሔት ተቆርጦ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ሂዱበት።

ባህላዊው አሣሣል ክፉዎችን በጎን ፊት ያሳያል። ሰማዕት ስስል ገዳዮቹን ላስገባ?

ይቻላል፤ ልማዱም ነው። እኔ ግን አባ ገብረ ሚካኤልን ስሠራ ሰንሰለቱን ብቻ አስገባሁ። ያሰሯቸው ሰዎች የዛሬ ጎረቤቶቻችን አባቶች ናቸው። ሥዕሉ የሚሰቀለው ለጸሎት ነው፤ ቂም ይዞ የሚጸልይ ሰው እንዲበዛ አልፈልግም። ሰንሰለቱ ብቻውን ይናገራል።

ፎቶ ያላቸው የቅርብ ጊዜ ቅዱሳንስ?

የሕፃን ኢየሱስ ቅድስት ቴሬዛን እኅቷ ገዳም ውስጥ ሆና ፎቶ ታነሳት ነበር፤ ስለዚህ መልኳን እናውቃለን። ካርሎ አኩቲስ ደግሞ በ1991 ተወልዶ በ2006 በ15 ዓመቱ ያረፈ ልጅ ነው። በ2025 ቅድስናው ታወጀ። አሲዚ ያረፈው ጂንስና ስኒከር እንደለበሰ ነው። አንድ አባት «ቅዱስ በስኒከር?» ብለው ጠይቀውኛል። አዎ፣ በስኒከር። እንዲያውም ልጆች ከሥዕሉ ፊት የሚቆሙት ለዚያ ነው።

ፎቶውን ግን መስመር በመስመር አትቅዱ። ፎቶ አንዲትን ቅጽበት ነው የሚይዘው። ለጸሎት የሚሆን ሥዕል ሕይወቱን ሙሉ መያዝ አለበት። ሦስት አራት ፎቶ አይታችሁ፣ ዝጉና ከአእምሯችሁ ንደፉ።

በኤአይ የተሠራ ምስል አምጥቼ ቅዳልኝ ብልስ?

ብዙ ሰው ያመጣል። አልቀዳም። ልብሱ የማን ማኅበር እንደሆነ አይታወቅም፤ ፊቱ የማንም ሰው ፊት ነው። ቅዱስ ደግሞ ስም፣ አገርና ቀን ያለው ሰው ነው። ስለ አቀማመጡ ሐሳብ ለመስጠት ከሆነ አምጡት፣ እናየዋለን።

ምን ላይ፣ በምን ልሥራ?

ለጀማሪ አክሪሊክ በቂ ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸትም፣ ስህተት ይሸፍናል። ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁር ብቻ አትርሱ። የዘይት ቀለም በአክሪሊክ ላይ መቀባት ይቻላል፤ አክሪሊክን በዘይት ቀለም ላይ ግን በፍጹም አትቀቡ፣ ይላጣል።

አባቶቻችን የሚሠሩት ጣውላ ላይ፣ ወይም ጣውላ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ነበር። ዋንዛ ካገኛችሁ እሰየው። ጣውላውን በኖራ ድንጋይ ዱቄትና በቆዳ ሙጫ 6 ወይም 7 ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በየመሐሉ ይድረቅ። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። እጃችሁን ስታሳልፉበት የእንቁላል ቅርፊት ሊመስል ይገባል።

እኔ ለጸሎት ሥዕል ከሁሉ የምወደው የእንቁላል ቀለም ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አስኳሉን ከነጩ ለዩ። ከመዳፍ መዳፍ እያገላበጣችሁ ነጩን ጨርሳችሁ አስለቅቁ። ከዚያ ስሱን ቆዳ በሁለት ጣት አንጠልጥላችሁ ከታች በመርፌ ወጋ አድርጉትና ውስጡ ብርጭቆ ውስጥ ይፍሰስ። ቆዳው እጃችሁ ላይ ይቀራል፤ ጣሉት። በመጠኑ ውኃ ጨምሩበት፣ ከቀለም ዱቄቱ ጋር ለውሱት። ለዕለቱ የሚበቃችሁን ብቻ አዘጋጁ፤ ነገ ይሸታል። በቀጭን ብሩሽ፣ በቀጫጭን መስመር፣ ንብርብር አድርጋችሁ ነው የምትቀቡት። ወዲያው ይደርቃል፤ ስለዚህ መቸኮል የለም፣ ማሻሸትም የለም። ሸራ ላይ ግን አትሞክሩት። ሸራ ሲተጣጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

ቀስ የማለቱ ነገር ነው የሚስበኝ። በአንድ መስመር አንድ «ሰላም ለኪ» ይደርሳል።

በጾም በእንቁላል መቀባት ነውር ነው?

ነውር አይደለም። የምንጾመው መብሉን ነው። የሚከብዳችሁ ከሆነ ግን በዚያ ሰሞን ንድፍ ሥሩ፣ ጣውላ አዘጋጁ።

ዓይኑ አልሆን አለኝ። ምን ላድርግ?

ሁላችንም ላይ ይደርሳል። እኔ ብሌኑን የማስገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልብሱ፣ እጁ፣ ጽሑፉ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ። እስከዚያ ሥዕሉ ዓይን የለውም። ብሌኑን ከማስገባቴ በፊት በሚሰቀልበት ከፍታ ልክ አቆመዋለሁ። ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቄ እመለከታለሁ፤ ከዚያ ተንበርክኬ አያለሁ። ሰው የሚያየው ተንበርክኮ ነውና! ቆማችሁ ስታዩት የሚያምር ዓይን ከታች ሲታይ ሽቅብ ጣሪያ ሊያይ ይችላል። ብሌኑን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ስታደርጉት ወደሚጸልየው ሰው ይመለሳል።

አፉን አታስቁ፤ አታስለቅሱም። የተረጋጋ ፊት ለደስተኛውም ላዘነውም ይሆናል።

ዋጋ መጠየቅ ይቻላል? ቡራኬውስ?

የድካማችሁን መጠየቅ ምንም ነውር የለውም። ሠዓሊውም ልጅ ያሳድጋል። ሂሳቡ ግን ሥዕሉ ከመባረኩ በፊት ያልቅ። ከተባረከ በኋላ የገንዘብ ወሬ አይነሳበትም፤ ቡራኬ አይሸጥም። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ከሆነ ደግሞ ንድፉን ገና በእርሳስ እያለ ለቁምስናው አባ አሳዩ። የሚታረም ካለ ያኔ ይታረማል።

የት ልስቀለው?

ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ እርጥብ ያልሆነ ግድግዳ ላይ። ከጀርባው አየር እንዲገባ ትንሽ ክፍተት ተዉለት። ሻማውን ከሥሩ ሳይሆን ፈንጠር አድርጉት፤ ጥቀርሻው ነው የሚያጠፋው። መስታወት አልመክርም። የምትጸልዩት የራሳችሁን ፊት እያያችሁ ይሆናል።

የአያቴ ሥዕል በዕጣንና በሻማ ጠቁሯል። ላጥበው?

እባካችሁ እንዳትነኩት። ውኃም፣ ሳሙናም፣ ድንችም፣ ዳቦም አይሆንም። በጣም ለስላሳ በሆነ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ትችላላችሁ፤ በቃ። ሥዕሉ የቤተ ክርስቲያን ከሆነና ዕድሜ ወይም ክብር ያለው ከሆነ ደግሞ ያለ ጳጳሱ የጽሑፍ ፈቃድ ማደስ በቤተ ክርስቲያን ሕግም አይፈቀድም፤ እሳቸውም ባለሙያ አማክረው ነው የሚፈቅዱት።

አንድ ጊዜ በበረኪና የተጠረገ የቅዱስ ዮሴፍ ሥዕል አምጥተውልኛል። የጠረጉት ለበዓሉ እንዲያምር ብለው ነው፣ በፍቅር። የቀኝ እጁ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ በትሩ ብቻ አየር ላይ ቆሟል። እጁን ልሳልለት አልደፈርኩም። የቀረውን አጽድቼ፣ ባዶውን ቦታ እንዳለ ትቼ መለስኩላቸው። አሁንም ሳሎናቸው ውስጥ እንደተሰቀለ ነው፤ ማታ ማታ መቁጠሪያ የሚደግሙትም እዚያው ፊቱ ነው።